ከእንጦጦ እስከ አንኮበር አንድ ጫማ

እኔ በእንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። ጋኔን አየሁ፣ አንድ ነገር ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር?» ብዬ የማላግጥ፣ ሥራዬም ለብቻ መንገድ መምታት ስለሆነ ከጅብና ከሽፍታ በቀር የሚያስፈራኝ ያልነበረ፣ ዱሩን ገደሉን ስቆርጥ ኖሬ አንድም ቀን የሚያስደነግጥ ነገር ስላልገጠመኝ የሌላው ሰው ወሬ ሁሉ የፈሪ ወሬ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ። እንዲህ ያለው ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ በሌሊት ሆነ ነው የሚባለው፣ የእኔ ግን በሁዳዴ ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው የሆነው፣ እመኑኝ፣ ጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን እጠረጥር ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከተማቸውን በቆረቆሩበት ዘመን እኔ የአንድ ደጃዝማች መልእክተኛ ነበርኩ። ጌታዬ የሰፈሩት በእንጦጦ ምሥራቅ፣ ወደ የካ በሚያዘቀዝቀው ትከሻ ላይ ሲሆን፣ እናታቸውና ግምጃ ቤታቸው ግን አንኮበር ስለቀሩ ደብዳቤ በየሳምንቱ ይመላለስ ነበር። ደብዳቤውን ጫፉ በተሰነጠቀ በትር ላይ ሰክተን፣ በትሩን ከፍ አድርገን ነው የምንሮጠው፣ እሱን ያየ መንገድ ይለቃል፣ በረኛም አያቆመንም። ጌታዬ ደግሞ የራሳቸው አመል ነበራቸው፣ ደብዳቤ ሲነሳ ጸሐፊያቸው አለቃ ድንቁ ደጅ ወጥተው፣ ቄሶች የጾም ቅዳሴ የሚገቡበትን ሰዓት እንደሚለኩት፣ የገዛ ጥላቸውን በገዛ እግራቸው ይለኩና «ጥላው ሰባት ጫማ ሲሆን ተነሳ» ብለው ከግርጌው ይጽፋሉ፣ አንኮበር ያለው ጸሐፊም ደብዳቤው የደረሰበትን እንደዚያው ለክቶ ይጽፋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ጠላ ቤት ገብቶ «ወንዝ ሞልቶብኝ ነው» ማለት አያዋጣም።

ሌላው መልእክተኛ ለአንኮበር ሦስት ቀን ይፈጅበታል፣ የእኔ ሁለት ቀን ነበር። ሰኞ ጠዋት በሰባት ጫማ ከተነሳሁ ሰንዳፋን በቀን አልፌ፣ ቸቻ ወንዝ አጠገብ አድሬ፣ ደብረ ብርሃንን ወደ ጎን ትቼ፣ ማክሰኞ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንኮበር ነኝ። ይቺን ሁለት ቀን የሚነካብኝ አልነበረም። ግብር ላይ ከመልእክተኞች ሁሉ ፊት ተቀምጬ የምበላው እኔ ነበርኩ፣ ጌታዬም እንግዳ ሲመጣባቸው «ይሄ ወልዴ የሚባለው ነው፣ እግሩን እዩልኝ» ይሉ ነበር፣ እኔም ከሰው ሁሉ በላይ በገዛ እግሬ እኮራ ነበር።

ይህ ሁሉ የቆየው ደስታ የሚባል ሰው እስኪመጣ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ባቱ ላይ ሥጋ የሌለው፣ ነፋስ የሚጥለው የሚመስል ሰው ነው፣ ሲቀጠር አይቼው ከት ብዬ ሳቅሁበት። ማክሰኞ ጠዋት በሰባት ጫማ ተነሳ፣ ረቡዕ ሰው ምሳ ሳይበላ መልሱን ይዞ ጌታዬ ፊት ቆመ። አለቃ ድንቁ ደብዳቤውን ገልብጠው ሲያነቡ «ማክሰኞ፣ ጥላው ስድስት ጫማ ሲሆን ደረሰ» ይላል። ጥላ መቼም ጠዋት ስድስት ጫማ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላም ተመልሶ ስድስት ጫማ ይሆናል፣ የአንኮበሩ ጸሐፊ የቱ እንደሆነ አልጻፈም፣ እኛም ሁላችን ሌላ ነገር ሳናስብ የከሰዓቱን ወሰድነው፣ እሱ ራሱ ጉድ ነው፣ የሁለት ቀን መንገድ ባንድ ቀን! ማኅተሙን መረመሩት፣ ትክክል ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደገመው፣ በሦስተኛውም ሳምንት ሰለሰው፣ ሁልጊዜ ሰባት ጫማ ሲሆን ይነሳል፣ ሁልጊዜ ስድስት ጫማ ሲሆን ይደርሳል።

እርር ድብን አልኩ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ግብር ላይ ከፊቴ አስቀመጡት፣ የጀርባውን አጥንት እየቆጠርኩ መብላት ጀመርኩ። ከመንገድ ስመለስ በረኞቹ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ይሳሳቁብኛል፣ በሁለት ቀን የደረስኩትን ሰውዬ! እሱ ደግሞ ቢኮራብኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ አይኮራም፣ አይሳደብም፣ ሁልጊዜ «ወንድም ወልዴ» ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጠጋ አልኩና «አቋራጩ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ እንጃ ወንድም ወልዴ» አለኝ፣ «ስነሳ አውቃለሁ፣ ስደርስም አውቃለሁ፣ መሃሉን አላውቀውም።»

«እየቀለድክብኝ ነው?»

«አልቀለድኩም። አንተ መሃሉን ታውቀዋለህ፣ እኔ በዚህ እቀናብሃለሁ።»

እንዲህ አለኝ። የሚቀናብኝ እሱ ሆነና አረፈው! ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብዬበታለሁ፣ እኛ ስንቀመጥ በትራችንን ግድግዳው ላይ እናስደግፋለን፣ እሱ ግን በትሩን ከእጁ አይለይም፣ አንድ ጊዜ አንዱ በረኛ ሊያነሳለት እጁን ሲዘረጋ «አትንካብኝ» ብሎ በጮኸው ጩኸት ቤቱ ጸጥ አለ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፣ ማርያምን፣ እችለው ነበር፣ ሚስቴ ባትገባበት ኖሮ። አስካለ የአንኮበር ልጅ ናት። ሳገባት እናቷ «ከመንገድ ጋር ለተጋባ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው እምቢ አሉ፣ እሷ ግን ወደደችኝና ተከትላኝ መጣች፣ እሳቸውም «ከእንግዲህ ዓይንሽን አታሳዪኝ» ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልላኩባትም። በዚያ ሁዳዴ የጨው ነጋዴዎች ሲያልፉ እናቷ በጠና መታመማቸውን ነገሯት። ከዚያ ቀን ወዲያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፣ እናቷ ሳይሞቱ «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚል ቃል ማግኘት።

አንድ ቀን ማታ በሶ እየበጠበጠችልኝ፣ ቀና ሳትል «ደስታን ለምኜዋለሁ» አለችኝ።

«ምን ብለሽ?»

«እናቴ ዘንድ ይቅርታ እንዲለምንልኝ። ነገ ይሄዳል፣ ከነገ ወዲያ መልሱን ያመጣልኛል።»

«እኔ ባልሽ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

«አንተን ሁለት ጊዜ ልኬሃለሁ ወልዴ። ሁለቱንም ጊዜ አላገኘኋቸውም ብለኸኛል። እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ከአልጋዋ ተነስታ የት ሄዳ ነው የምታጣት?»

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ደጃፋቸው ድረስ ሄጃለሁ፣ ላንኳኳ እጄን ካነሳሁ በኋላ ነው የተመለስኩት። ያ ከመንገድ ጋር ተጋባ ያሉት ሰው ላብ በላብ ሆኖ ደጃቸው ቆሞ «ይማሩን» ሲል ታየኝና አቃተኝ። አስካለ ይህን አታውቅም፣ ግን ሳታውቅም የቀረች አይመስለኝም። ከዚያ ደግሞ ደስታ የሷ መልእክተኛ መሆኑን እናቷ እንዲያምኑት፣ እሳቸው በእጃቸው ፈትለው ካለበሷት ነጠላ ጫፉን ቀድዳ እንደሰጠችው ነገረችኝ። ነጠላዋን! ዘመቻ ስሄድ እንኳ ከነጠላዋ ክር መዝዛ ሰጥታኝ አታውቅም። ያን ማታ ዓይኔ ሳይከደን ነጋ፣ አቋራጩን የማላየው ብሞት ነው አልኩ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጠዋት አለቃ ድንቁ ጥላቸውን ለክተው ሰባት ጫማ ብለው ጻፉ፣ ደስታም በትሩን ይዞ ወጣ። የአስካለ ነጠላ ጫፍ ከደብዳቤው ሥር ታስሮ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጥዱን እየተከለልኩ ተከተልኩት። ይሮጣል ብዬ ትንፋሼን አዘጋጅቼ ነበር፣ ሰውየው አይሮጥም፣ ገበያ ሄዶ እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዛፍ የሌለበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ሲደርስ በትሩን ከፊቱ መሬት ላይ ተከለና እግሩን አጥፎ ተቀመጠ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፣ ደብዳቤውን ለሌላ ሰው ሊያቀብል ነው፣ ይኸው ያዝኩት ብዬ ከአንድ ጥድ ሥር አደፈጥኩ። ማንም አልመጣም። ከሥራችን ከቤተ ክርስቲያኑ የደወል ድምፅ ይሰማል፣ ቆቅ ትጮኻለች፣ ከዚያ ቆቋም ዝም አለች። ያን ጊዜ ጠብ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ባዶ እግር ደረቅ መሬት ላይ ሲሮጥ የሚሰማውን ድምፅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የሯጭ ኮቴ ነው፣ ያውም የጥሩ ሯጭ፣ ከድንጋዩ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ወረደ፣ ራቀ፣ ጠፋ። የሚሮጥ ሰው ግን የለም። ደስታ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም፣ ደረቱ ብቻ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ላብ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ ድንጋዩን ያርሰዋል።

የምሠራውን ሳጣ የለመድኩትን ሠራሁ፣ ወደ ፀሐዩ ወጥቼ ጥላዬን ለካሁ። ስድስት ጫማ። ከዚያ ዞር ብዬ የሱን ጥላ አየሁ፣ አየሁ ማለቴ ፈለግሁ። የበትሩ ጥላ ድንጋዩ ላይ ተኝቷል፣ የደብዳቤው ጥላ አለ፣ የነጠላዋ ጫፍ ጥላ ሳይቀር ይወዛወዛል፣ የደስታ ጥላ ግን የለም። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ፀሐይ ብቻ ነው። እመኑኝ፣ ዞሬዋለሁ፣ በአራቱም በኩል አይቻለሁ።

አሁን ሰው ቢሆን ማማተብና መሸሽ ነበረበት፣ እኔም መሸሽ ነበረብኝ። ግን ያቺ የነጠላ ጫፍ ዓይኔ ውስጥ ገባች። አስካለ አሁን ቤት ቁጭ ብላ ይሄን ሰው እያሰበች ነው አልኩ፣ ነገ እያለቀሰች እጁን ትስመዋለች፣ ዕድሜ ልኳን ደስታ ነው ያስታረቀኝ ትላለች፣ እኔስ? ፍርሃቱ እዚያው ነበር፣ ቅናቱ ግን በለጠው። ነጠላዋን ልፈታ እጄን ሰደድኩ፣ ቋጠሮው ጠበቀብኝ፣ በቀኝ እጄ በትሩን ጨብጬ ነቀልኩት።

ደስታ ዓይኑን ገለጠ። ወደ እኔ ያያል፣ ግን እኔን አያይም።

«ማነው?» አለ። «ደርሼ ነበር እኮ። ደጃፋቸው ላይ ነበርኩ። በሩ የት ሄደ?»

ኮቴው ተመልሶ መጣ። በጣም ከሩቅ ነው የመጣው፣ ግን እንደ ቅድሙ አቅጣጫ የለውም፣ አንዴ ከግራዬ፣ አንዴ ከጀርባዬ፣ አንዴ ደግሞ ከሩቅ ገደል ማዶ፣ መግቢያ እንደጠፋበት ሰው ይዞራል፣ ይዞራል። በትሩን ጥዬ ቁልቁል በረርኩ። ያን ዕለት እንደሮጥኩት ሮጬ አላውቅም፣ የሚለካልኝ ሰው ቢኖር ደስታንም እቀድመው ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አንድ ቄስ አገኘሁና «ዳገቱ ላይ ሰው ወድቋል» ብዬ ይዣቸው ተመለስኩ። ድንጋዩ ባዶ ነው። በትሩ ከጣልኩበት ተጋድሟል፣ ደብዳቤው አለ፣ የነጠላው ጫፍ ግን የለም። ቄሱ እርጥቡን ድንጋይ በእጃቸው ዳበስ አድርገው «ልጄ፣ ጾም ያደክማል፣ ገብተህ አረፍ በል» አሉኝ።

ደብዳቤውን መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት ብዬ ለጌታዬ አስረከብኩ። ደስታ ከዳ፣ ሥራውን ጥሎ ጠፋ ተባለ። «አንተስ ወልዴ፣ አላየኸውም?» ብለው ሲጠይቁኝ «እኔ በየት አየዋለሁ?» አልኩ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጌታዬም «ድሮስ ከወልዴ ሌላ ማን አለኝ» ብለው ደብዳቤውን ለኔ ሰጡኝ፣ ግብር ላይም ከፊት ተመለስኩ። በማግስቱ ስወጣ አስካለ በር ላይ ቆማ ነበር። «አሁንስ ታገኛታለህ አይደል?» አለችኝ። በእግዜር ስም ምዬላታለሁ፣ የዚያን ቀንም እውነቴን ነበር።

በሁለት ቀን ደረስኩ። አንኮበር ብርድ ነበር፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ቤቶቹን ውጧቸዋል። ደብዳቤውን ለጸሐፊው አስረክቤ ቀጥታ አማቴ ደጅ ሄድኩ፣ በዚህ ጊዜ እጄን አንስቼ አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ጎረቤታቸው ናት፣ ፊቷን ነጭታለች። ከትናንት ወዲያ ማታ ሞተው ትናንት ተቀብረዋል።

«ጠዋት ነው የጀመረው» አለችኝ፣ እኔ ሳልጠይቃት። «አንድ ነገር ቤቱን እየዞረ ይሮጣል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ወጥተን እናያለን፣ ማንም የለም። እሳቸው ግን ከአልጋቸው ሆነው የልጄ መልእክተኛ ነው፣ ደክሞታል፣ አስገቡት ይሉናል። በሩን ከፍተን ትተንላቸው ነበር። ማታ ላይ ለብቻቸው ሲንሾካሾኩ ሰማን። ከዚያ ነግሬዋለሁ፣ መንገድ ልቀቁለት አሉና ዐረፉ።»

«ምን ብለው ነገሩት?»

«እኛ አልሰማንም። ብቻ ስንገንዛቸው እጃቸው ውስጥ የነጠላ ጫፍ ጨብጠው ነበር፣ ከየት እንዳመጡት አላወቅንም፣ ለማስለቀቅ አልቻልንም፣ ከነጨርቁ ቀበርናቸው።»

ሲመሽ ጸሐፊው ዘንድ ሄጄ ያ ደስታ የሚባለው ይደርስበት የነበረው ስድስት ጫማ የጠዋት ነው የከሰዓት ብዬ ጠየቅሁት። «የጠዋት ነዋ» አለኝ፣ «ከሰዓት መጥቶ አያውቅም። ዓይናፋር ሰው ነበር፣ ከአጥሩ ጥላ ሥር ሆኖ ነው ደብዳቤውን የሚያቀብለኝ፣ ፊቱን እንኳ አጥርቼ አላየሁትም።» ሰባት ጫማ ሲሆን ይነሳል፣ ስድስት ጫማ ሲሆን አንኮበር ነው። እኔ በሁለት ቀን ስኮራ፣ ለካ ለሱ መንገዱ አንድ ጫማ ነበር።

ለአስካለ እናቷ መሞታቸውን ነገርኳት፣ ሌላውን አልነገርኳትም። ምን ብዬ? እናትሽ መልሱን ሰጥተዋል፣ መልሱን የያዘው ግን መመለሻውን እኔ ነቅዬበታለሁ ልበላት? ደረቷን ስትደቃ ዝም ብዬ አየኋት። አርባቸው በወጣ ማግስት ጠዋት፣ በረት ውስጥ በሬዎቹን እየፈታሁ፣ ከአጥራችን ውጭ ሰማሁት። ጠብ ጠብ ጠብ። ቤቱን ዞረው፣ ደግሞ ዞረው። ወጥቼ ጥላዬን ለካሁ፣ ስድስት ጫማ ነው።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። በየቀኑ አይመጣም፣ ሲመጣ ግን ሰዓቱን አያፋልስም። አስካለ መጀመሪያ ውሻ ይመስላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ሥራዋን ጥላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሮጣ ወጥታ በሩን ትከፍታለች፣ «ግባ ወንድሜ፣ ምን አለችህ?» ትላለች። እኔ የአጥሩን በር እዘጋለሁ፣ እሷ ትከፍተዋለች። ላብ በላብ ሆኜ ከአንኮበር ስመለስ አንድም ቀን እንዲህ ሮጣ ወጥታ ተቀብላኝ አታውቅም፣ ይሄ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል፣ ሰው በኮቴ ይቀናል ብትሉኝ ይቀናል እላችኋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ድምፁ ከአጥሩ ውስጥ ነበር። በረቱን ትቼ ወደ ቤት ስገባ ቀጥ አለ። አስካለ ደጃፉ ላይ፣ ከግድግዳው ጥላ አጠገብ ቆማ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋለች፣ ጉንጯ በእንባ ርሷል፣ ግን ፈገግ ብላለች፣ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። «ምንድን ነው?» አልኳት። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ፣ ፊቴንም አላየችም፣ ያን በትሩን የነቀልኩበትን ቀኝ እጄን ነበር የምታየው።